የጓሯችን ጤና አዳም

በፀዳና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ጤና አዳምን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ከጎንደር ተነስተን አዘዞን አልፈን፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ፀዳ ስንደርስ፣ በየቤቱ ጓሮ ከጎመኑ አጠገብ አንድ ሁለት እግር ጤና አዳም ተተክሎ እናያለን። ቡና ሲፈላ ከጓሮ የሚቀነጠሰው እሱ ነው። አይብ ሲሠራ ይገባበታል። በርበሬ ሲደለዝ ፍሬው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር አብሮ ይወቀጣል። ሆድ ሲቆርጥ፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ ሕፃን ሌሊቱን ሲያለቅስ ደግሞ፣ «እስቲ ትንሽ ጤና አዳም አምጭልኝ» ይባላል።

እንግዲህ አንድ ቅጠል ቅመምም መድኃኒትም ሆኖ ሲያገለግል ጥያቄ መነሳት አለበት። ለቅመም ምን ያህል ነው? ለመድኃኒትስ? ለማን ይሰጣል? ለማንስ አይሰጥም? ብዙዎቻችን ይህን የማንጠይቀው ስሙ ስለሚያዘናጋን ይመስለናል። ጤና የሚል ስም የያዘ ቅጠል ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? ይሁን እንጂ ጤና አዳም ለአንዳንድ ሰው አደገኛ ነው። በተለይ ለእርጉዝ ሴትና ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው።

ቅጠሉን እንወቀው

ጤና አዳም ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ክንድ የማያልፍ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ትናንሽና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። አበባው ቢጫ ነው። አንዴ ከተተከለ ዓመታት ይኖራል፤ ሲቆይም ግንዱ ከሥሩ እንደ እንጨት ይጠነክራል። የዕፀዋት ሊቃውንት ሩታ ቻሌፔንሲስ ብለው ይጠሩታል። ቻሌፔንሲስ ማለት የሐለብ ማለት ነው። ሐለብ በሶርያ አገር የሚገኝ ጥንታዊ ከተማ ነው። ተክሉና ወገኖቹ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮችም በብዛት ይበቅላሉ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያንም ለምግብና ለመድኃኒት ይጠቀሙባቸው ነበር። ቡና ውስጥ ነክሮ መጠጣት ግን የኛ ወግ ነው።

ጤና አዳም ከማን ወገን እንደሆነ ብንጠየቅ ምናልባት ከበሶብላ ወይም ከጦስኝ እንል ይሆናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ጤና አዳም ከሎሚና ከብርቱካን ወገን ነው። ይህን ለማመን የሚፈልግ ሰው አንድ ቅጠል ቆርጦ ወደ ፀሐይ ብርሃን አንስቶ ይመልከተው። በቅጠሉ ውስጥ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ ነጠብጣቦች የዘይት ከረጢቶች ናቸው። የሎሚን ልጣጭ ስንጫን እጃችን ላይ ፊጭ የሚለው ዘይት ከሚመጣበት ከረጢት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ቅጠሉን በጣታችን ስናሸው የሚሸተን ይህ ዘይት ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም በአብዛኛው ከዚህ ዘይትና በቅጠሉ ውስጥ ካሉት ሌሎች መራራ ነገሮች ይመጣል።

ትንሹና ብዙው አንድ አይደለም

አንድ ቀንበጥ ቡና ላይ ነክሮ ማውጣት ሌላ ነው። አንድ እፍኝ ቅጠል ወቅጦ፣ ጨምቆ፣ አንድ ብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሽታና ጣዕም ብቻ እናገኛለን። በሁለተኛው ግን ቅጠሉ የያዘውን ሁሉ ወደ ሆዳችን እናስገባለን።

ይህ ነገር ለአካባቢያችን ሰው አዲስ አይደለም። ኮሶ የጠጣ ሁሉ ኮሶ ሲበዛ እንደሚጎዳ ያውቃል። የጓያውን ነገርም ደንቢያና ፎገራ አልረሱትም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ በነዚህ ሁለት ቦታዎች ሰው እህል አጥቶ ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ፣ ብዙ ሰው እግሩ ሰለለ። ጓያውን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ አልፎ አልፎ የበላው ግን እንደዚያ አልሆነም። ጥራጥሬው አንድ ነው። የተለየው መጠኑና የቆየበት ጊዜ ነው። ጤና አዳምም እንዲሁ ነው።

ጤና አዳምን በብዛት የጠጣ ሰው መጀመሪያ የሚያመው ሆዱን ነው። ያቃጥለዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። መጠኑ ከዚያ ካለፈ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል። እነዚህ ሁለቱ ሰውነታችን የማይፈልገውን ነገር የሚያጣሩ ክፍሎች ናቸው። ስለዚህ ቀድሞም የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ጭማቂውን መጠጣት የለበትም። በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት ያለው ሰውም ጤና አዳም እንደሚጠጣ ለጤና ባለሙያው መንገር አለበት። «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል» ብሎ መደበቅ አይገባም።

ይህን ያህል ቅጠል ለመድኃኒት ይበቃል የሚል መጠን አንሰጥም። የአንዱ ጓሮ ጤና አዳም ከሌላው ይበረታል። በበጋ የተቆረጠው በክረምት ከተቆረጠው ይለያል። የአንዲቱ እናት እፍኝ ከሌላዋ እፍኝ ይሰፋል። የጤና ጣቢያ ክኒን እያንዳንዱ ፍሬ እኩል ተመዝኖ የተሠራ ነው። ቅጠል ግን ሚዛን የለውም።

እርጉዝ ሴትና ጤና አዳም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ።

ጤና አዳም ማኅፀንን ያኮማትራል። ይህን የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር። በአውሮፓም፣ በላቲን አሜሪካም፣ በኛም አገር ሴቶች ያልፈለጉትን እርግዝና ለማስወረድ ጠጥተውታል። በእርጉዝ አይጦች ላይ በተደረጉ ምርመራዎችም ጭማቂው ጽንስን እንደሚጎዳ ታይቷል።

አንዳንዷ ሴት «የወር አበባዬ ቀረብኝ፣ ይምጣልኝ» ብላ አፍልታ ትጠጣለች። ሌላዋ ደግሞ ጉዳዩን ለማንም ሳትናገር በሌሊት ወቅጣ ትጠጣለች። እዚህ ላይ በግልጽ እንናገር። ጽንሱን ለማስወረድ የሚበቃው መጠን እናቲቱንም ለመመረዝ የሚበቃ ነው። በኡራጓይ አገር፣ በሞንቴቪዴዎ ከተማ የሚገኝ የመርዝ ሕክምና ማእከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1986 እስከ 1999 ድረስ ለማስወረድ ብለው ቅጠላ ቅጠል የጠጡ ሴቶችን ጉዳይ መርምሮ ነበር። የጤና አዳምን ወገን ከጠጡት መካከል ጉበታቸውና ኩላሊታቸውን የመሰለው የአካል ክፍል አንድ ባንድ ሥራውን ያቆመባቸው ነበሩ። ጽንሱም ሁልጊዜ አይወርድም። አንዳንዴ እናቲቱ ትጎዳለች፣ ጽንሱም ተጎድቶ ይቀራል።

ስለዚህ እርጉዝ የሆነች ሴት፣ ወይም እርጉዝ ሳልሆን አልቀርም ብላ የምትጠረጥር ሴት፣ የጤና አዳም ጭማቂም ፍልም መጠጣት የለባትም። ለሆድ ቁርጠትም ቢሆን፣ ለጉንፋንም ቢሆን አይሆንም። ከቡናዋም ብትተወው ይሻላል። ቡና ያለ ጤና አዳምም ቡና ነው። እርግዝናዋን ሳታውቅ ቡና ላይ ነክራ የጠጣች ሴት ግን መደንገጥ የለባትም። ያ ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ብትተወው ይበቃል።

ባሎችም ይህን ይስሙ። ሚስት ሆዷን ሲያማት ቅጠሉን ቀጥፎ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ባል ነው።

ጠጥታ ከሆነስ? ደም ከፈሰሳት፣ ሆዷን አጥብቆ ካመማት፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ወይም ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ነገ ይሻለኛል ብላ አትተኛ። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። እዚያም የጠጣችውን ሳትደብቅ ትናገር። ባለሙያው የሚጠይቃት ሊፈርድባት አይደለም፤ ምን እንደጠጣች ካላወቀ ምን እንደሚያክም ስለማያውቅ ነው።

ልጅ ለማራራቅ የምትፈልግ ሴት ቅጠል መውቀጥ አያስፈልጋትም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ክኒን፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ያልተፈለገ እርግዝና የደረሰባትም ብትሆን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትማከር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጽንስ በጤና ባለሙያ የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ተገዳ የተደፈረች፣ ከቅርብ የሥጋ ዘመዷ ያረገዘች፣ እርግዝናው ለሕይወቷ ወይም ለጤናዋ አስጊ የሆነባት፣ በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ ያልደረሰች፣ እነዚህ ሁሉ በሕጉ ተጠቅሰዋል። ጎረቤት የሚያውቀው ቅጠልና ሕግ የሚያውቀው ሕክምና የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሕፃን ሲያለቅስ

ለምሳሌ ያህል አንዲት አራስ እንውሰድ። ልጇ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ማታ ማታ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ያለቅሳል። አማቷ ይህን ያዩና፣

«ልጄ፣ ቁርጠት ነው። ጤና አዳም ጨምቀሽ በማንኪያ ጠብ አድርጊለት» ይላሉ።

«እማማ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጪ ብላኛለች።»

«ባልሽን ያሳደግሁት በዚሁ ነው እኮ!»

አማቲቱ ክፉ አስበው አይደለም። የተናገሩትም ውሸት አይደለም፤ ጤና አዳም ጠጥተው ያደጉ ብዙ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ያደገውን እናያለን እንጂ ያላደገውን አናየውም። የሦስት ሳምንት ልጅ ክብደቱ ሦስትና አራት ኪሎ ነው። የአዋቂ ሰው ክብደት ሃምሳና ስልሳ ኪሎ ነው። ለአዋቂ ጥቂት የሆነችው ማንኪያ ለሕፃኑ ብዙ ናት። ጉበቱና ኩላሊቱም ገና ለጋ ናቸው፤ መራራውን ነገር አጣርተው ማስወጣት አይችሉም። በዚያ ላይ ቅጠሉ ያልታጠበ፣ ውሃው ያልፈላ፣ ማንኪያው ያልጸዳ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለቁርጠት የተሰጠው ተቅማጥ ይዞ ይመጣል።

ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ድረስ የሚያስፈልገው የእናት ጡት ብቻ ነው። ውሃም አያስፈልገውም። ማታ ማታ የሚያለቅስ፣ ግን ጡት በደንብ የሚጠባና ክብደቱ የሚጨምር ልጅ ከሆነ፣ ከጠባ በኋላ ትከሻ ላይ ቀና አድርጎ ይዞ ጀርባውን ቀስ ብሎ መምታት ይበጀዋል። ያገሳል፣ ይቀለዋል። ይህ ልቅሶ ብዙውን ጊዜ በሦስትና በአራት ወሩ ራሱ ይተወዋል።

ጡት አልጠባም ካለ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ጉዳዩ ቁርጠት አይደለም። ትንፋሽ መቁጠር የሚችል ሰው ልጁ ረጋ ባለበት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ደረቱን እያየ ይቁጠር። ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ 60 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ደግሞ ጡት ሳያቋርጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይሰጠው። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ከጤና ኬላ ይገኛል።

ቆዳና ፀሐይ

ይህን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሲነካና በላዩ ፀሐይ ሲመታው ቆዳው ይቃጠላል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው አንድ ነገር የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ቆዳን ያቆስላል። ብርሃን ከሌለ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ሰው አይጠረጥረውም። ቃጠሎው የሚወጣው በዚያው ሰዓት አይደለም፤ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ነው። መጀመሪያ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ከዚያ እሳት እንደነካው ውሃ ይቋጥራል። ሲድንም ጥቁር ምልክት ትቶ ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። ሎሚም በፀሐይ እንዲሁ ያደርጋል፤ ወገናሞች ናቸው ብለናልና።

አንዳንድ እናቶች ትንኝ እንዳይነካው፣ ወይም ከዓይን እንዲጠብቀው ብለው ጤና አዳም የልጃቸውን ፊትና አንገት ይቀባሉ። ከነጭ ሽንኩርት ጋር በጨርቅ ቋጥረው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥሉም አሉ። ስለ እምነቱ እዚህ አንከራከርም። የምንለው ስለ ቆዳው ነው። ልጁ ከተቀባ በኋላ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከዋለ ሰውነቱ ይላጣል። ያየ ሁሉ ደግሞ ሌላ በሽታ መጣበት ብሎ ሌላ ቅጠል ይፈልጋል። ትንኝን ከሆነ አጎበር ይከላከለዋል።

ቆዳ ከነካ ወዲያው በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ለሁለት ለሦስት ቀንም ያንን ቦታ ከፀሐይ መሸፈን ነው። ዓይን ውስጥ ጭማቂውን መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ጆሮ ውስጥም አይጨመር፤ መግል የሚያወጣ ጆሮ ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል?

እንዲህ ከሆነ ጤና አዳምን ነቅለን እንጣለው ወይ የሚል አይጠፋም። እንደዚያ አላልንም። ለቅመምነቱ መልካም ነው። ምግብ ያጣፍጣል። ጤነኛ የሆነ፣ ያላረገዘ አዋቂ ሰው ቡናው ላይ ቢነክረው፣ ከአይብ ጋር ቢበላው አይጎዳውም። ቀለል ላለ የሆድ መነፋትም ብዙ ሰው ይቀለኛል ይላል። በላቦራቶሪ በተደረጉ ምርመራዎች ከቅጠሉ የሚወጣው ነገር አንዳንድ ተሕዋስያንን እንደሚገድል፣ በእንስሳትም ላይ ብግነትን እንደሚቀንስ ታይቷል። ነገር ግን በጠርሙስ ውስጥ የታየው ሁሉ በሰው ሆድ ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም።

ከዕፀዋት መድኃኒት አይገኝም ማለትም ትክክል አይሆንም። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም የተባለው ክኒን መነሻው በቻይና የሚበቅል ቅጠል ነው። ቱ ዮዮ የተባሉት ቻይናዊት ተመራማሪ ለዚህ ሥራቸው በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከወንዙ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ነበር። ከዚያ ተነስተው እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ሁለቱም ከሕዝብ ዕውቀት ተነሱ። ግን ስንት ይበቃል፣ ማንን ይጎዳል የሚለውን ለማወቅ ዓመታት ፈጀባቸው። የጤና አዳም እንዲህ ያለው ሥራ ገና አላለቀም።

አንድ ነገር እንጨምር። ሆድ ቁርጠት ሁሉ አንድ አይደለም። ሆዱ የተነፋ፣ ፈስም ዓይነ ምድርም እምቢ ያለው፣ የሚያስመልሰው ሰው አንጀቱ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ከቀኝ በታችኛው ሆድ በኩል ወግቶ የያዘው ደግሞ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ለነዚህ ጤና አዳም ጠጥቶ ማደር ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚድኑት በቀዶ ሕክምና ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለውም ደሙ ለወባ ይመርመር። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ወባ በደንቢያ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ስለነበር ጭምር ነው። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ፀዳ ራሷም የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አላት። ጤና ጣቢያም ቅርቧ ነው።

አተካከሉና አያያዙ

ጤና አዳም ለመትከል ዘር መፈለግ አያስፈልግም። ከዳበረ ተክል አንድ ስንዝር ያህል ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል ገፍፎ፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ማስገባት ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት አይስማማውም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጎ መትከል ይሻላል። ከመጸዳጃ ቤትና የፀረ ተባይ መድኃኒት ከሚረጭበት ማሳ ይራቅ።

ብዙ መቁረጥ ሲያስፈልግ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ እጅን በጨርቅ ወይም በላስቲክ ሸፍኖ ይቆረጥ። ከተቆረጠ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ፍሬው ለበርበሬ የሚፈለገው አረንጓዴው ወደ ቡናማ ሲለወጥ ተለቅሞ፣ በጥላ ሥር በወንፊት ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ሽታው ይጠፋል። የደረቀው በጠርሙስ ተከድኖ፣ ልጆች እጅ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።